የጆሮ ቆጠራ

ሰኞ 4

አዲስ ደብተር። የድሮው ጀልባ ውስጥ ወድቆ ራሰ፤ ቢደርቅም ገጾቹ ተጣብቀው ቀሩ። ይሻላል።

ዛሬ የዘንድሮው ቆጠራ ተጀመረ። ለማያውቀው ሰው ሥራዬ ቀልድ ይመስላል። ረግረጉ መሃል፣ በአራት ምሰሶ ላይ የቆመች ጠባብ የእንጨት ጎጆ አለች። ጎህ ሲቀድ እዚያ ቁጭ ብዬ ለአሥር ደቂቃ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ደንቡ ነው። ዓይኑን የገለጠ ሰው የሚያየውን ብቻ ይቆጥራል፤ ሸምበቆ ውስጥ ያለ ወፍ ደግሞ አይታይም፣ ይሰማል። ለእያንዳንዱ ድምፅ በእርሳስ አንድ ጭረት። የጆሮ ቆጠራ እንለዋለን። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼዋለሁ።

ዛሬ ሠላሳ አንድ ጭረት። ዓምና በዚሁ ሳምንት ሁለት መቶ ስምንት ነበር።

ጀልባ ነጂው ሊወስደኝ ሲመለስ፣ «ጋሼ፣ ወፎችህ እንዴት አደሩ?» አለኝ።

«ዝም ብለዋል።»

«አልነቁም ይሆናላ። እነሱም እንደ ኃላፊያችን አርፍደው ነው የሚገቡት።»

ሳቅን። ይህ ልጅ ባይኖር ረግረጉ ይከብደኝ ነበር።

አንድ ነገር፦ በቆጠራው መካከል ከማዶ፣ በጣም ሩቅ፣ ሰው ምንጣፍ ሲያራግፍ ዓይነት ነገር ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። በዚያ ሰዓት ምንጣፍ የሚያራግፈው ማን ነው?


ረቡዕ 6

ኃላፊው ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ደብዳቤ ነበር። ከዳርቻው መጨረሻ ቤት ከሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት። ጽሕፈታቸው የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈት ነው፣ ቀጥ ያለ። «በየማለዳው ተኩስ እሰማለሁ። ሰኞ ዘጠኝ ጊዜ። በሕግ በተከለለ ረግረግ ውስጥ ወፎች እየተገደሉ ነው። ጠባቂያችሁ የት ነው ያለው?»

ኃላፊው ወጣት ነው፤ ሲያወራ ወረቀት ማገላበጥ ይወዳል። ቀና እስኪል ጠበቅሁት።

«እርስዎ እዚያው ነበሩ አይደል? ተኩስ ነበረ?»

«አልነበረም።»

«ሁለት ታጣቂ ለማስመደብ የሚያስፈልገኝ የእርስዎ ቃል ብቻ ነው። ነበረ ካሉኝ ነገ ይመጣሉ።»

«ጎጆዋ ውስጥ ነበርኩ። ዝንብ ብታልፍ እሰማለሁ።»

ጻፈው። ፈረምኩ።

ምንጣፉን አልነገርኩትም። ምንጣፍ ተኩስ አይደለም።


ሐሙስ 7

ዓመታዊው የጤና ቅጽ። ዓምና የተሞላውን ገለበጥኩት። ዓይን ደህና፣ ልብ ደህና፣ ሌላውም ደህና። ሐኪም ቤት ተሰልፎ ቀን የሚያጠፋ ማን አለ።


እሑድ 10

ሰዉ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለምዷል። ሱቅ ውስጥ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ እዚህ ቤትም። የሆነ ሰው የታመመ ይመስል።

ሬዲዮው ደከመ። ባትሪ ቀየርኩለት፣ ያው ነው። ባለቤቴ እጇን እየጠረገች ከጓዳ መጥታ ቀነሰችው። ጎረቤቶች ግድግዳውን እየመቱ ነው አለች።

«አራት ጊዜ ጠራሁህ» አለችኝ።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው።»

«ምን ዓይነት ሐሳብ ነው ሁልጊዜ በዚያ በኩል የሚይዝህ?» ብላ ግራ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።


ሰኞ 11

አሥራ አንድ ጭረት።

ረግረጉ ውስጥ ቀጭን ፉጨት አለ። አያቋርጥም፣ ከፍ ዝቅ አይልም። የውሃ መሳቢያው ሞተር መስሎኝ ሄጄ አየሁ፤ ሞተሩ ከተነቀለ ወር አልፎታል፣ የቀረው ዝገት የበላው አራት ብሎን ነው። የመብራት ሽቦውን ሥር ለሥር ተከተልኩት። ፉጨቱ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የትም ብቆም እኩል ሩቅ ነው።

አሁን ደግሞ ቤት ድረስ መጥቷል። ትራሴን ገለበጥኩት።


ዓርብ 15

ደንብ ጣስኩ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር ዓይኔን ገለጥኩ።

አንዲት የዱር ዳክዬ ከሸምበቆው በላይ ስትበር ነበር። አየር ላይ ተጣጠፈች። ሌላ ቃል የለኝም፤ ሰው አንብቦ እንደጨረሰው ወረቀት ተጣጥፋ ወደቀች። ከዚያ ሁለተኛዋ። ከዚያ ሽመላው፣ እግሩ ተንጠልጥሎ። ምንም ድምፅ የለም። የቀሩት በአንድ ጊዜ ተነሥተው በጎጆዋ ላይ አለፉ። መቶ ክንፍ አንድ ላይ ሲመታ ደረት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ዛሬ እንደ ጥላ ነው ያለፉት። አፋቸው ተከፍቷል።

ጀልባ ነጂው ሲመጣ ያየሁትን ነገርኩት። ወደ እኔ ዞሮ፣ እንደ ልማዱ ረጋ ብሎ፣ ቃል በቃል አስረዳኝ።

«በሽታ ነው ጋሼ። ሌላ ቦታም ገብቷል ይላሉ። እንዳትነካቸው። እኔ ጓንት አለኝ፣ ለቅሜ እቀብራቸዋለሁ።»

ጆንያ እንኳ ይዞ ነበር። ደግ ሰው ነው። ካፖርቱ ክብሪት ክብሪት ይሸታል፤ ጠዋት ምድጃ ሲያቀጣጥል ይሆናል።


ቅዳሜ 16

ባለቤቴ ተኝታለች። እንቅልፍ እንቢ ብሎኛል።

ስለ በሽታው ለኃላፊው መጻፍ ነበረብኝ። አልጻፍኩም። ከጻፍኩ ሐኪሞች ይመጣሉ፣ ቆጠራ ይደገማል፣ ሰዎች ጎጆዋ ውስጥ ከጎኔ ቁጭ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰው ከጎኔ ካለ መቁጠር አይሆንልኝም።

ጀልባ ነጂውን ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ፤ ስምንት ዓመት ሆነው። ያን ጊዜ መቅዘፊያ አያያዝ አያውቅም ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ እየዞረ ውሃውን ሲያተራምስ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አሁን ቢሮ ስልክ ሲጮህ ከእኔ ቀድሞ ያነሳል። ስብሰባ ላይ በስተግራዬ ይቀመጥና ኃላፊው ያለውን በትንሽ ወረቀት ጽፎ ወደ እኔ ያንሸራትታል። መቼ እንደጀመረው አላስታውስም። ለምን እንደጀመረውም ጠይቄው አላውቅም። እሱም ነግሮኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ውለታ ስም ሲሰጡት ይከብዳል።

ሌላ ነገርም ልጻፍ፣ ደብተሩ የእኔ ስለሆነ። ዛሬ ማምሻውን ቁጥሮቹን አስተካከልኩ። ሠላሳ አንድ፣ አሥራ አንድ፣ ስድስት ብሎ ሪፖርት መላክ ጠያቂ መጥራት ነው፤ ጠያቂ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቆጣሪውን ነው። የዓምናውን መዝገብ ከፈትኩና ከየቀኑ ሁለት ሦስት እየቀነስኩ ሞላሁ። ማጭበርበር አይደለም። ወፎቹ እዚያው ናቸው። ዝም ስላሉ ብቻ ያልነበሩ አይሆኑም።

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት።


ማክሰኞ 19

ሁለት መቶ አራት። (ዓምና ሁለት መቶ ስድስት።)

ኃላፊው ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለመምህርቷ መልስ መጻፉን ጀልባ ነጂው በወረቀት ነገረኝ፦ «ወፎቹ በመልካም ሁኔታ ላይ ናቸው፣ ተኩስም የለም ብሎ ጽፎላቸዋል።» ከታች የምትስቅ ፊት ስሎባታል።


ሐሙስ 21

ጀልባው ውስጥ ስገባ አንድ ነገር ረገጥኩ። ቀይ የፕላስቲክ ቀለህ፣ ቂጡ ነሐስ። የአደን ጠመንጃ ነው። አነሳሁት።

ይሞቃል።

«ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ አግኝቼው ነው» አለኝ። «የድሮ ነው።»

«ይሞቃል።»

«ኪሴ ውስጥ ነበራ፣ ጋሼ።»

ኪስ ያሞቃል። እውነት ነው። ቤት ወስጄ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ማታ ከፍቼ ነካሁት። ቀዝቅዟል። ምን ጠብቄ ነበር?


እሑድ 24

ዳቦ ቤት ተሰልፌ ሳለ መምህርቷ ከፊቴ መጥተው ቆሙ። አጭር ናቸው፤ በከዘራቸው ጫማዬን ነካ አደረጉ።

«ተኩስ የለም ብለህ የፈረምከው አንተ ነህ?»

«እትዬ፣ ዕድሜ ጆሮን ያታልላል» አልኳቸው። በትሕትና ነበር ያልኩት።

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጋረዱ። ጉንጫቸው ተንቀሳቀሰ። ራሴን ነቀነቅሁ፤ ሰው ሲያወራ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ጨዋነት ነው። እጃቸውን አወረዱ።

«ምን አልኩህ?»

ሰልፉ ሁሉ ዞረ።

«አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ» አሉ፣ አሁን ከንፈራቸውን እየገለጡ። «ኋላ ወንበር ተቀምጦ ራሱን የሚነቀንቅ ተማሪ አውቃለሁ። ሰነፍ ነው ተብሎ ይገረፍ ነበር። ሰነፍ አልነበረም።»

ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ከደረስኩ በኋላ ዳቦ ሻጩ ትከሻዬን ያዘኝ። እያለከለከ ነበር። ዳቦዬን ረስቼ። ስንት ጊዜ እንደጠራኝ አልጠየቅሁትም።


ረቡዕ 27

ምንም ጭረት የለም።

መዝገቡ ላይ፦ መቶ ዘጠና ስምንት።


ቅዳሜ 30

ባለቤቴ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፣ ጢም እንደሚላጭ ሰው።

«ሰፈሩ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይሰማል» አለች። «እኔም እዚህ ሆኜ እሰማለሁ።»

«ምኑን?»

«አትጠይቀኝ። ታውቃለህ።»

ፊቴን ላዞር ስል መልሳ አቀናችው።

«ከተኳሹ ጋር ተሻርኳል እያሉህ ነው። አይቶ እንዳላየ ይሆናል፣ ድርሻ አለው ይላሉ። እኔ ውሃ ስቀዳ ወሬ ያቆማሉ።» አገጬን አልለቀቀችም። «ወይ ባሌ ሌባ ነው ልበላቸው፣ ወይ ሌላውን ልንገራቸው። የቱን ልበል? አንተ ምረጥ።»

ግቢ ወጥቼ ቆምኩ። ነፋስ ነበር መሰለኝ፤ የተሰጣው አንሶላ ይወራጫል። ፉጨቱ ብቻ።


እሑድ 1

መምህርቷ ቤት ሄድኩ። በሩን ሳንኳኳ ኃይሌን መመጠን አቅቶኝ ነው መሰለኝ፣ ደንግጠው ነው የከፈቱት።

«ነገ ጎጆዋ ድረስ ይመጡልኛል?» አልኳቸው።

«በምን? በዚያ በጀልባህ?»

«በጀልባ አይደለም። በድሮው የሳንቃ መንገድ። ከእኔ ቀድመው። ጀልባ ነጂው ሳያይዎት።»

የመጨረሻውን ለምን እንደጨመርኩ አልጠየቁኝም። እኔም ራሴን አልጠየቅሁም።


ሰኞ 2

በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ጀልባ ነጂው አደረሰኝ። መሰላሉን ወጣሁ። ጥግ ላይ፣ ጨለማው ውስጥ፣ እትዬ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል፤ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ርሰዋል። ሁለት ሳንቃ ተሰብሯል አሉ፣ በጣታቸው። ጀልባው ሄደ።

ጎህ ሊቀድ ሲል የእጄን አንጓ ያዙኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ልማድ ነው።

መጀመሪያ ምንም። ከዚያ እጃቸው ጨበጠኝ። ለቀቀ። ጨበጠኝ። ሲጨብጡኝ ሰውነታቸው አብሮ ይሸማቀቃል፣ ያንን በክንዳቸው በኩል አገኘዋለሁ። ሦስት። አራት። እኔ ያለሁበት ዓለም ውስጥ ምንም አልተፈጠረም፤ ፀጥታ ነው፣ ያ ፉጨት ነው፣ የራሰ እንጨት ሽታ ነው። እጅ ግን ይጨብጠኛል። ሰባት። ሰው እንደሞተበት ሰው እጄ ተይዞ መርዶ እየተነገረኝ መሰለኝ። አሥራ አንድ። በቀኝ እጄ ጭረት ሳደርግ እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው። አሥራ አራት ጭረት፣ ቀጥ ያሉ፣ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያው እውነተኛ ቆጠራዬ።

ዓይኔን ገልጬ የሩቅ ማያ መነጽሩን ወደ ማዶ አዞርኩ። ሸምበቆው የተከፈለበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ጀልባ ቆሟል። ጎኑ ላይ ቁጥር 3 ተጽፏል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቀለሙ ሲንጠባጠብ እሱ ስቆብኝ ነበር። ቆሞ ነበር። የሰጠሁትን ካፖርት ለብሷል። ጠመንጃውን እንደገና ሲያጎርስ ሰዓቱን አየ። አሥሩን ደቂቃ ያውቃል።

አልገረመኝም። ያስፈራኝ አለመገረሜ ነው።

ሲመለስ እትዬን መሰላሉ ራስ ላይ አያቸው። ለአፍታ ፊቱን አዞረ፤ የሚለውን ከአፉ እንዳላነብ ነው። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ተመለሰና ከንፈሩን እየገለጠ፣ ረጋ ብሎ፣ እንዲገባኝ ተጠንቅቆ ተናገረ። እንዲህ አድርጎ የሚያወራኝ እሱ ብቻ ነበር።

«ስንት ዓመት ጆሮ ሆንኩህ ጋሼ?»

እርሳሱን ኪሴ ከተትኩ።

«መጀመሪያ አዝኜልህ ነው። ወላሂ። አንድ ቀን ከማዶ ተኮሱ፣ ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ አንተ ዓይንህን ጨፍነህ ተቀምጠሃል። ፊትህ ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን ገባኝ። ለሰው አልተናገርኩም። የከተማው ሆቴሎች የወፍ ሥጋ ሲፈልጉ ደግሞ...» እጁን ዘረጋ፣ ረግረጉን የሚያሳይ ይመስል። «ሌላ ሰው መግባቱ ካልቀረ።»

«ቀበርኳቸው አልከኝ።»

«ወፍ እኮ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ መሰለኝ፤ ከንፈሩ ጠበበ። «እኔን ከሰጠህ አንተም አብረህ ትወጣለህ። መዝገቡን አይቼዋለሁ።»

ሌላ መመለሻ አልነበረንም፤ እትዬ በዚያ መንገድ ሁለተኛ አይሻገሩም። ሦስታችንም በአንድ ጀልባ ተመለስን። በመካከላችን ሸራ የለበሰ ጆንያ ነበር። ሸራው አንዴ ተንቀሳቀሰ። ማንም አልተናገረም። ወይም ተናግረዋል፤ እኔ ውሃውን እያየሁ ነበር።


ረቡዕ 4

ሪፖርት። መጀመሪያ የጻፍኩት፦ «በነፋሱ አቅጣጫ ምክንያት...» ሰረዝኩት። ቀጥሎ፦ «ባለኝ መረጃ መሠረት...» ሰረዝኩት። እሱን እንዴት እንደምከስ አውቃለሁ፤ ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የጀልባው ቁጥር፣ ቀለሁ፣ ምስክሯ። ያ ገጽ በሩብ ሰዓት አለቀ። ያቃተኝ ከእሱ በፊት የሚመጣው ነው። ያለ እሱ ሌላው አይቆምም፤ «እዚያው ሆነህ ለምን አልሰማህም?» ይሉኛል።

ባለቤቴ ሻይ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አነበበች። ወጥታ ሄደች። ተመልሳ መጥታ አንድ እርሳስ ከፊቴ አስቀመጠች፣ የተቀረጸ።

እንዲህ ጻፍኩ፦ «አልሰማም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በትክክል አላውቅም፤ የደበቅሁት ግን ሁለት ዓመት ይሆናል። ተኩስ የለም ብዬ የፈረምኩት ስላልሰማሁ ነው። የዘንድሮው መዝገብ ሐሰት ነው። መምህርቷ እውነት ተናግረዋል።»

ሁለቱን መዝገብ፣ ሐሰተኛውንና የዓምናውን፣ ከቀለሁ ጋር አባሪ አደረግሁ።

ከመፈረሜ በፊት በነበረው ሰኞ የተተኮሰው ዘጠኝ ጊዜ ነበር። በፈረምኩበት ቀን ነበረ ብል በማግስቱ ታጣቂ ይመጣ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለውን ማን ይቆጥረዋል? በምን?


ዓርብ 6

ኃላፊው ሪፖርቱን አንብቦ ሲጨርስ ወረቀት አውጥቶ ጻፈልኝ፦ «ለምን አልነገሩንም?»

«አፍህን ካየሁ ይገባኛል፣ ልጄ» አልኩት። ልጄ ብዬው አላውቅም። ቀላ።

ታጣቂዎቹ መጥተዋል። ጠመንጃው ከጀልባው ወለል ሳንቃ ሥር ተገኘ፣ እኔ ስምንት ዓመት እግሬን የማሳርፍበት ቦታ። ጆንያዎቹን ቢሮው ደጃፍ ላይ ዘረገፏቸው። ማየት ነበረብኝ። አየሁ።

ከቆጠራ ተነሥቻለሁ። የጥበቃው ወር እስኪያልቅ በዓይን እንድጠብቅ፣ ከዚያ «ይታያል» ተባለ።

ሲወስዱት በመኪናው መስኮት በኩል ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩን እየገለጠ፣ ረጋ ብሎ፣ አንድ ነገር አለኝ። ገብቶኛል። እዚህ አልጽፈውም።


ማክሰኞ 10

እትዬ በኃላፊው ፈቃድ ቆጣሪ ሆነዋል፣ በጊዜያዊነት። «በሰባ ዓመቴ ሥራ ተቀጠርኩ፤ እናቴ ብትኖር ትኮራ ነበር» ይላሉ። ሳንቃዎቹ ተጠግነዋል።

ጎጆዋ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እኔ ገለጥኩ። ማንም እጄን አልያዘኝም። መዳፌን ወለሉ ላይ አሳረፍኩ።

በአምስተኛው ደቂቃ ሳንቃው ተንቀጠቀጠ። ከሥር፣ ከምሰሶዎቹ በኩል፣ ወደ ክርኔ ወጣ። ወደ ማዶ አላየሁም። የእሳቸውን ፊት ነው ያየሁት። ግንባራቸው አልተቋጠረም። ትከሻቸው አልተሸማቀቀም። እርሳሱ ጭረቱን ቀጠለ።

ክንፍ ነው።

ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ከሸምበቆው በላይ እየዞሩ መጥተው አንድ በአንድ ውሃው ላይ አረፉ፣ አፋቸው እየተከፈተና እየተዘጋ። ለእኔ እንደሚያወሩ፣ ረጋ ብለው።

በጆሮ አሥራ ዘጠኝ። በዓይን አሥራ ሰባት። ሁለቱንም ጻፍን። ዓምና በዚሁ ቀን ሁለት መቶ አንድ ነበር፤ እሱንም ጻፍን።

እትዬ ከዘራቸውን አንሥተው ወረዱ። እኔ ቀረሁ። የሁለቱን ልዩነት፣ የተሰሙትን ግን ያላየኋቸውን ሁለት ወፎች፣ ይዤ ሸምበቆውን ለረጅም ሰዓት አየሁት።